የእማማ ሊያኦ ጠረጴዛ ቁመት

የሉካንግ ሰው ስለ አናጢው ስለ ሺ ዋንዴ ሁለት ነገር ይላል፤ እጁ ወርቅ፣ አፉ እሾህ። ሁለቱም እውነት ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ ሲጋዝ፣ ሲልግ፣ የሌላውን አናጢ ሥራ ሲያንቋሽሽ ኖሯል። ባለፈው ዓመት አንዱ ጎረቤቱ የሙታን አባቶች ስም የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ እግር በሌላ እንጨት ቀጥሎ ቢያስረክብ፣ ዋንዴ መንገዱ መሃል ቆሞ «ሜትር መያዝማ ልብስ ሰፊም ይይዛል! ሙታንን አንካሳ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለህ?» እያለ ሰፈር ሰማብኝ አላለም። ምስኪኑ ሰውዬ ሦስት ቀን ሱቁን አልከፈተም።

እንግዲህ ያው ዋንዴ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት በገዛ ሜትሩ የተያዘው።

ጠረጴዛው የእማማ ሊያኦ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ ቆልመም ያሉ፣ አራት ትውልድ ሳሎኑ ግድግዳ ሥር ቆሞ የኖረ። የሊያኦ ቤተሰብ ሙታን የስም ሰሌዳዎች የሚቀመጡት በእሱ ላይ ነው። ዘንድሮ በማዕበሉ ሰሞን ጎርፍ ቤት ገብቶ አራቱንም እግሮች ከሥራቸው አበሰበሳቸው። እማማ ሊያኦ ሰሌዳዎቹን በአንድ ተጣጣፊ ጠረጴዛ ላይ ለጊዜው አዛወሩና አሮጌውን ለዋንዴ ላኩለት። መልእክታቸው አጭር ነበር፤ «የበሰበሰውን ቁረጥልኝ። ልኩን ግን አደራ።»

በዚያ ላይ ቀኑ ተቆርጧል። የእማማ ሊያኦ የልጅ ልጅ ሚስት ስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ደግሞ ከባድ ዕቃ አይነቀነቅም፣ ፅንሱ ይታወካል። መልካም ቀን የሚመርጠው ቀን ቆጣሪ መጽሐፉን ገልብጦ ገልብጦ ያገኘው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ነገ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት። ልጅቷ ለዚያች ሰዓት እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ ጠረጴዛው ይገባል፤ ሙታኑ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ይህ ቀን ካለፈ እስክትወልድ ሌላ ቀን የለም።

ዋንዴ ሥራውን ጨርሶ የመጨረሻውን ዘይት በጨርቅ እያሸ ነበር። ሜትሩን የዘረጋው እንዲያው ለወጉ ነው፤ እጁ ሥራ ከሚፈታ። በእኛ አናጢዎች ሜትር ላይ ከቁጥሩ ሌላ ሁለት ረድፍ ቃላት ተጽፈዋል። የላይኛው ረድፍ ለሕያዋን ነው፤ ለበር፣ ለአልጋ፣ ለመብል ጠረጴዛ። የታችኛው ለሙታን ነው፤ ለመቃብርና ለስም ሰሌዳ ማስቀመጫ። ልኩ ቀይ ቃል ላይ ካረፈ ቤቱ ይባረካል። ጥቁር ቃል ላይ ካረፈ፣ ያንን ዕቃ ለጠላትህም አትስጠው። ጠረጴዛው አንድ መቶ አሥር ሴንቲ ሜትር ሆኗል። በላይኛው ረድፍ «ሹመት» ይላል፣ በቀይ። ዋንዴ ፈገግ አለ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታችኛው ረድፍ ወረደ።

«ማጣት።» በጥቁር።

መጀመሪያ ዓይኔ ነው አለ። ሜትሩን ጠቅልሎ እንደገና ዘረጋው። ያው ነው። በሕያዋን ልክ ለክቶ የሙታንን ጠረጴዛ ቆርጧል!

እንዴት እንደተሳሳተ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ሦስት ዓመት ሆነ፣ ከትልልቆቹ ከተሞች፣ ከታይቾንግና ከታይፔ፣ የሚመጡ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቀጭን አሮጌ ጠረጴዛ እየፈለጉ በሩን ያንኳኳሉ። በራቸው ሥር ሊያቆሙት ነው፤ ቁልፍ ሊጥሉበት፣ አበባ ሊያኖሩበት፣ ከዝናብ ሲገቡ ጃንጥላ ሊያጋድሙበት። ዋንዴ «የቁልፍ መጣያ!» እያለ ያጉረመርማል፤ ይሠራላቸዋል ግን። ይህ ሁሉ ሥራ በላይኛው ረድፍ የሚለካ ነው። እጁ ለምዶ ቀረ። የእማማ ሊያኦም ጠረጴዛ ሲመጣ ዓይኑ የለመደው ቦታ ሄዶ ቁጭ አለ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለዚህ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ነበር የሚለው።

ሚስቱ ሊጁ የሩዝ ገንፎ ይዛ ገባች። «ምነው ሰውዬ? ፊትህ ዱቄት መሰለ።»

«ሊጁ፣ እስቲ ይህን አንብቢልኝ።»

«ሹመት ይላል። እሰይ።»

«ከታች ያለውን።»

ሊጁ አጎነበሰች። ሳህኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። «ወይ ጉዳችን!» አለች። «ሰውዬ፣ ምን አደረግህ?»

«የቁልፍ መጣያ መሰለኝ።»

«የሰው አባቶች ቁልፍ መሰሉህ?»

ዋንዴ መቆጣት አማረው። ምን ብሎ ይቆጣ? አንድ ጉቶ ላይ ተቀመጠና ገንፎውን ዓይን ዓይኑን ያየው ጀመር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ይለካዋል?» አለ። «ግድግዳ ሥር ከቆመ በኋላ ማን ሜትር ይዞ ይመጣል?»

«እማማ ሊያኦ? እሳቸው እኮ የራሳቸውን የሬሳ ሣጥን ሁለቴ አስለክተው ያስቀመጡ ሴት ናቸው!»

«ዓይናቸው ደክሟል።»

«እሺ፣ አይለኩትም እንበል» አለች ሊጁ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ያቺ ልጅ አንድ ነገር ብትሆንስ? እርግጥ ምንም አትሆንም ይሆናል። ብትሆንስ ግን? አንተ እንቅልፍ ይወስድሃል? እኔን አይወስደኝም።»

ዋንዴን የገደለው ይህ ነው። ጥቁር ቃል ላይ የቆመ ጠረጴዛ፣ «ማጣት» ከሚል ልክ ጋር፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት! የተቆረጠ እንጨት ደግሞ የፈሰሰ ውሃ ነው። መቀጠል ይቻላል፤ ግን የተቀጠለ እግር ለሙታን! መንገድ መሃል ቆሞ የጮኸው ጩኸት ሁሉ ጆሮው ውስጥ አስተጋባ።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለ።

«ገንፎውን ብላና ሂድ። በባዶ ሆድ ስድብ አይቻልም።»

አልበላም። ሜትሩን ኪሱ ከተተ፤ የቀርከሃ ዘንጉንም ያዘ። ይህ ዘንግ ዕቃ እንደመጣለት፣ መጋዝ ሳይነካው፣ ቁመቱንና ወርዱን በቢላ ጫር ጫር የሚያደርግበት ነው፤ ከአባቱ የወረሰው ልማድ ነው። ለምን እንደያዘው እንኳ አላወቀም። ባዶ እጁን መሄድ ፈርቶ ይሆናል። በጎረቤቱ አናጢ ሱቅ ሲያልፍ አንገቱን ሰበረ፤ ሰውየው «ደህና አደርክ ጋሽ ዋንዴ» ቢለው ሰላምታውን ሳይመልስ እርምጃውን አፈጠነ።

እማማ ሊያኦ ግቢያቸው ውስጥ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ምላሳቸው ግን የሃያ።

«ዋንዴ! ነገ አልነበር ቀጠሯችን? ወይስ ጠረጴዛዬን ለከተማ ሰው ሸጥከው?»

«አልሸጥኩትም፣ እማማ። ብሸጠው ይሻል ነበር።»

የሚፈለፍሉት እጅ ቆመ። «ተናገር።»

ዋንዴ ተናገረ። ሰበብ አልፈለገም፣ አላሳጠረም፣ አላስረዘመም። በላይኛው ረድፍ ለክቼ ቆረጥኩ፤ ታችኛው ላይ ጥቁር ነው፤ «ማጣት» ይላል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ሲጨርስ ላብ ጀርባውን አርሶታል።

እማማ ሊያኦ የያዙትን ኦቾሎኒ ጣል አደረጉት። «ቤቴ ውስጥ ነፍሰ ጡር አለች» አሉ።

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«እያወቅህ ነው?»

«ሳላስተውል ነው። ይምቱኝ ከፈለጉ።»

«እመታህ ነበር፤ ኦቾሎኒዬ ይደፋብኛል እንጂ!» ወንፊቱን ከጭናቸው ላይ አነሱና መሬት አኖሩት። ዋንዴ አንገቱን ደፍቶ ስድቡን ጠበቀ። ስድቡ አልመጣም፤ የመጣው ጥያቄ ነበር። «ሳትቆርጠውስ ስንት ነበር?»

«ከመቁረጤ በፊት?»

«መቶ ዓመት በቆመበት ቁመት። ያንን ቁመት መልስልኝ። እግሩን ትቀጥለው እንደሆነ ቀጥለው፣ ያባቶቼ ልክ ይመለስልኝ።»

ዋንዴ ይህን አላሰበም ነበር። ለነገሩ መቶ ዓመት የቆመን ጠረጴዛ በየትኛው ቃል ላይ እንደቆመ ማን ይመረምረዋል? ልክ ነው ተብሎ ይታመናል እንጂ። ዘንጉን በርከክ ብሎ መሬት ላይ አጋደመና የጫረውን ምልክት ፈለገ። ሜትሩን ዘረጋበት። አንድ መቶ ሃያ አራት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ታችኛውን ረድፍ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። አንገቱን ቀና ማድረግ አቃተው።

«ምን ይላል?»

«እማማ...»

«ዓይኔ ነው እንጂ የደከመው ጆሮዬ ደህና ነው። ምን ይላል?»

«ጉዳት።»

«በቀይ?»

«በጥቁር።»

እማማ ሊያኦ ከወንበራቸው ሊነሱ ሞከሩና ተመልሰው ተቀመጡ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተሠራ ጀምሮ ነው። የእግሮቹ መርገጫ በስብሶም ቢሆን የጥንቱ ቀለም ነበረበት። ከእኔ በፊት ማንም መጋዝ አላሳረፈበትም።» ዋንዴ ላይኛውን ረድፍ አየና ነገሩ ተገለጠለት። «በላይኛው ቀይ ነው፣ እማማ። ይህ ጠረጴዛ ሲሠራ ለሕያዋን ነው የተሠራው። ያኔ ሰዓትና የአበባ ማስቀመጫ ይቆምበት የነበረ የሰው ሳሎን ዕቃ ይሆናል።»

«የባሌ አያት ከአንድ ከከሰረ የመርከብ ነጋዴ ቤት ነው የገዛው» አሉ አሮጊቷ በቀስታ። «አዎ። እንዲያ ሲባል ሰምቻለሁ።» ከዚያም «እኔ ሳልመጣ በፊት» አሉ።

«ብዙ ዘመን በፊት እንጂ።»

«እኔ ሳልመጣ በፊት ጥቁር ላይ ነበር።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ድገምልኝ።»

«እርስዎ ሳይመጡ በፊት ጥቁር ላይ ነበር።»

ዋንዴ ሴትየዋ የተቆጡ መስሎት ፈርቷል። ቀና ብሎ ሲያይ ግን እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲያውቃቸው፣ ባላቸው ሲቀበሩ እንኳ፣ እንዲህ አላያቸውም።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አሉ። «የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ የአማቴ የሸክላ ማንኪያ ወደቀብኝ። ፈርቻቸው ነው፤ እንዳይቆጡኝ ብዬ ጠረጴዛውን ጎተት አድርጌ አወጣሁት። ይህን ያህል ነው የጎተትኩት።» በሁለት እጃቸው አንድ ክንድ የማትሞላ ርቀት አሳዩት። «በሳምንቱ ምጥ መጣ። ሴት ልጅ ነበረች። ሦስት ቀን አልሞላትም።»

ዋንዴ በጉልበቱ ቀረብ አላቸው።

«አማቴ ለሰው አልተናገሩም። ክፉ ሴት አልነበሩም እኮ። ግን በየዓመቱ፣ በዚያች ቀን፣ ጠረጴዛውን ሲወለውሉ ወደኔ ዞር ብለው ‹ያለ ቦታው የተነቀነቀ ዕቃ› ይላሉ። በቃ፣ ይህችን ብቻ። እስኪሞቱ ድረስ። ከሞቱ በኋላ ደግሞ እኔ ለራሴ እላት ነበር።» አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ሙታን አዎ ወይም አይ የሚሉባቸውን ሁለቱን የጨረቃ ቅርጽ እንጨቶች ወርውሬ ያልጠየቅሁት ነገር የለም። ሩዝ ልግዛ ወይ፣ ልጄን ልዳር ወይ፣ ዳሌዬን ልቀደድ ወይ፣ ሁሉንም። ይህን ግን ስልሳ ሁለት ዓመት አልጠየቅሁም። ‹አዎ፣ አንቺ ነሽ› እንዳይሉኝ።»

«እርስዎ አይደሉም፣ እማማ» አለ ዋንዴ። አፉ እሾህ የሚባለው ሰው ድምፁ ተሰነጠቀ። «ሜትሩ ይኸው። እርስዎ እግርዎ ቤቱን ሳይረግጥ በፊት እንዲህ ነበር።»

እማማ ሊያኦ ሳቁ። እንባቸው ሳይደርቅ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ወይ ጉድ! አንተ የተረገምክ አናጢ! በስሕተትህ አንጀቴን ቅቤ አጠጣኸው። አሁን በል ተነስ። ለነገ ሦስት ሰዓት ቀይ ላይ አቁምልኝ። ያንን ያሮጌውን ቁመት አልፈልግም፤ ለጥንቱም ይቅርታ አልጠይቅም።»

«እግሩን መቀጠል ሊኖርብኝ ነው። የተቀጠለ እግር ደግሞ ለሙታን...»

«ምን ሆነ? የኔ ዳሌ ብረት አይደለም? በብረት ዳሌ ቆሜ አይደል ላሳድግህ የምሞክረው? የተቀጠለም ይቆማል። ሂድ፣ ከዓይኔ ጥፋ!»

ዋንዴ ሲመለስ አልሄደም፣ ሮጠ፤ በስልሳ ሦስት ዓመቱ። ጎረቤቱ አናጢ በር ላይ ሲደርስ ቆመና ትንፋሹን ሰብስቦ «ስማ ወንድሜ፣ እግር ስትቀጥል በየትኛው ኮላ ነው ያያዝከው?» አለው። ሰውየው ሲያሾፍበት መስሎት ፊቱ ቀላ። «የእውነቴን ነው» አለ ዋንዴ። «እኔም ልቀጥል ነው። በላይኛው ረድፍ ቆረጥኩ።» ጎረቤቱ አፉን ከፍቶ አየው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ የኮላውን ቆርቆሮ አመጣለት፤ አልሳቀበትም፤ ዋንዴ እሱን ቢሆን ኖሮ ሳምንት ነበር የሚስቅበት።

ጠረጴዛው ከተሠራበት ዓይነት እንጨት፣ ሽታው ብል ከሚያባርረው፣ አራት ጉራጅ መረጠ። ለያንዳንዱ እግር አንድ ጋት የምትሆን ጫማ ጠርቦ በመሮ አፋቅሮ አጋጠመ፤ መገጣጠሚያው ላይ ጥፍር እንኳ እንዳይገባ አድርጎ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠረጴዛው በአራት እግሩ ቆመ። ሊጁን ጠራት።

«አንብቢ። የታችኛውን።»

«ሰማሁ፣ የታችኛውን።» አጎነበሰች። አንድ መቶ አሥራ ስምንት። «ዘር ይላል።»

«በቀይ?»

«በቀይ!»

«ድገሚው።»

«ዘር፣ ዘር፣ ዘር! በቃህ ወይስ ሰፈሩን ልጥራልህ?»

«እፎይ» አለ ዋንዴ። የጠዋቱን ገንፎ ቀዝቅዞ እንደ ሙጫ ተጋግሮ አገኘውና ሳህኑን እስኪያጸዳ በላው።

በማግሥቱ በሦስት ሰዓት ጠረጴዛው ገባ። ነፍሰ ጡሯ እናቷ ቤት ሄዳለች። ዋንዴ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ አራቱም ጫማዎች ድንጋዩን እኩል መርገጣቸውን አረጋገጠና ተነስቶ ጥግ ያዘ። የእማማ ሊያኦ ልጅ፣ ራሱ ስልሳ ዓመት የሆነው ሰውዬ፣ ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ ያቀብላል፤ እሳቸው ያኖራሉ። የመጨረሻዋ የአማታቸው ነበረች። እሷን ካስቀመጡ በኋላ ልጁ እንደ ወጉ ሁለቱን የጨረቃ ቅርጽ እንጨቶች አቀበላቸው፣ ሙታኑ በአዲሱ ቦታ ደስ ብሏቸው እንደሆነ እንዲጠይቁ። እማማ ሊያኦ እንጨቶቹን እጃቸው ላይ አገላበጧቸውና ሳይወረውሩ ለልጃቸው መለሱለት።

«አልጠይቅዎትም፣ እማዬ» አሉ ወደ አማታቸው ሰሌዳ። «ዛሬስ እነግርዎታለሁ። እኔ አይደለሁም። ጠረጴዛው ከጥንቱም ጥቁር ላይ ነበር። እርስዎም አላወቁም፣ እኔም አላወቅሁም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እርስዎም ይተዉኝ፣ እኔም እተዋለሁ።»

ልጃቸው ግራ ገባው። «እማዬ፣ ምንድን ነው የምትይው? ምኑ ነው አንቺ ያልሆንሽው?»

እማማ ሊያኦ ትንፋሻቸውን ለቀቁት። ዋንዴ ከቆመበት ጥግ ሰማው፤ ረጅም ትንፋሽ ነበር፣ ሸክም ያወረደ ሰው ትንፋሽ።

«ወንበር ሳብና ተቀመጥ» አሉት። «ታላቅ እህት ነበረችህ። ሹሊየን ብያት ነበር፤ ስሟን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።»

ከዚያም በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ፣ ከማንኪያው ጀምረው ነገሩት።